እግር የማይነካው የእግር መንገድ

ከአብዮቱ በፊት የቢቸና ሰው ያለ ጥናት ይራመድ ነበር። ነገሩ ያሳፍራል፤ ግን እውነት ነውና አይደበቅም። ውሃ የጎደለበት ወደ ምንጭ ይወርዳል፣ ጨው ያለቀበት ወደ ገበያ ይወጣል፣ ስእለት ያለበት ወደ ደብሩ ይገሰግሳል፤ ሁሉም በገዛ እግሩና በገዛ ፈቃዱ። ቀኝ እግሩን ሲያነሣ የፈቀደለት፣ ግራውን ሲያስከትል ቃለ ጉባኤ የያዘለት አልነበረም። ሕዝብ እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ሲመላለስ ኖሮ ቅልጥሙ ሳይሰበር እዚህ መድረሱ እስካሁን ተመራማሪ ያላገኘ ተአምር ነው።

ከሁሉ የባሰው ከምንጩ ወደ ገበያው የሚወጣው መንገድ ነበር። ማን እንደ ቀየሰው በመዝገብ አልተገኘም። ሽማግሌዎች «አህያ ናት» ይላሉ፤ እውነትም የእሷን ሥራ ይመስላል። ረግረጉን ሸሽታ የወይዘሮ ሀብትነሽን ደጅ ታክካ አልፋለች፣ ሾላው ሥር ጥላ ስታገኝ ጠጋ ብላለች፣ ዳገቱ ሲከብዳት ዞር ብላለች፣ ከዚያ የድሮውን ባላባት አዳራሽ አጥር ዞራ ገበያው ላይ ብቅ ብላለች። ሰውም ሳያፍር አህያ ተከትሎ ስንት ዘመን ኖረ።

በወይዘሮ ሀብትነሽ ደጅ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ውሃ ቀጂዎች እንስራቸውን እዚያ ያሳርፋሉ፣ ወገባቸውን ያቀናሉ፣ ማን እንደ ወለደ፣ ማን እንደ ተጣላ ይነጋገራሉ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ከዚያ ቤት ባል ቀብረዋል፣ አንድ ልጅ አሳድገዋል። ይህ ታሪክ የዚያ ልጅ ነው።

ልጁ አካለ ወልድ ይባላል። ደብረ ኤልያስ ወርዶ ቅኔ ተቀኝቷል፣ ቁም ጽሕፈት ተምሯል፣ መቃ ብዕር ይዞ አራት ዳዊት በብራና ጽፏል። አብዮቱ ሲፈነዳ ብራና የሚያስጽፍ ጠፋ፤ ቀበሌው ግን ጸሐፊ ፈለገ። የአካለ ወልድ እጅ ጽሑፍ ታይቶ በጭብጨባ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ የቀበሌው ቃለ ጉባኤ ወንጌል መሰለ። ርእሱ በቀይ ቀለም፣ ኅዳጉ በሐረግ ያጌጠ። «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም» ብሎ በደማቁ ሲጽፈው አሮጊቶች ሊሳለሙት ይቃጣቸው ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ከፋለ ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ጨው ይነግድ ነበር፤ አሁን ግን የአንድ ወር የካድሬ ሥልጠና ወስዶ «ከነባራዊ ሁኔታ አንጻር» የምትል ሐረግ ይዞ ተመልሷል። ሐረጊቱ ብቻዋን ሁሉን ትችል ነበር። ምሳ ሲዘገይ ከነባራዊ ሁኔታ አንጻር፣ በሬ ሲጠፋ ከነባራዊ ሁኔታ አንጻር። ጽሕፈት ቤቱም ያ የባላባቱ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ሁለት በር አለው፤ ባላባቱ በፊተኛው እህል ያስገባ ነበር፣ በኋለኛው ገበሬውን ያስወጣ ነበር።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ክረምቱ እንደ ወጣ ከበላይ አካል አንድ ደብዳቤ መጣ። ከተሞች ሁሉ በሶሻሊስታዊ ውድድር መንፈስ ለሰፊው ሕዝብ የእግር መንገድ አጥንተው እንዲሠሩ ያዛል። ያሸነፈ ቀይ ሰንደቅ ይሸለማል። የተሸነፈው ሊቀ መንበር ሕዝብ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ያደርጋል። የቢቸና ተወዳዳሪ ሞጣ ነበረች።

ጓድ ከፋለ በዚያው ቀን ኮሚቴ አቋቋመ። እሱ ሰብሳቢ፣ አካለ ወልድ ጸሐፊ፣ ከሴቶች ማኅበር ደግሞ ማናለሽ። ማናለሽ በቀን ሁለት እንስራ ውሃ ከምንጭ የምታወጣ ሴት ናት፤ ስለ መንገድ የምታውቀው በእግሯ ስለሆነ አስተያየቷ ሳይንሳዊ አልነበረም።

«ጓዶች፣» አለ ከፋለ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከነባራዊ ሁኔታ አንጻር ሰፊው ሕዝብ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ምንጭ፣» አለች ማናለሽ።

«በመጪው ዕቅድ ቧንቧ ይገባል። ምንጭ ኋላ ቀር ነው። ሰርዝ!»

አካለ ወልድ ሰረዘ።

«ወደ ገበያ።»

«ገበያ የንኡስ ከበርቴ መናኸሪያ ነው፣» አለ የቀድሞው ጨው ነጋዴ፣ ትንሽ ሳል ይዞት። «ሰርዝ!»

«ወደ ወፍጮ።»

«ወፍጮው የግለሰብ ነው። ሰርዝ!»

«ወደ ቤተ ክርስቲያን።»

ከፋለ በሩን አየ፣ መስኮቱን አየ። «ሰርዝ፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ በቶሎ አማተበ።

«ኧረ እንዲያው ጓድ ሊቀ መንበር፣ ታዲያ ይህ ሕዝብ ወዴት ይሂድ?»

ከፋለ የተሰረዘውን ዝርዝር ተመለከተ። ከዚያ የጓድ ከፋለ ፊት በራ።

«ወደፊት!» አለና ጠረጴዛውን መታ።

ኮሚቴው አጨበጨበ። ማናለሽም ወደፊት የሚባለው በየት በኩል እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ከፍታ ሳለ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በኋላ ሲጣራ ወደፊት ማለት ከአዳራሹ የኋላ በር ቁልቁል፣ አንድ ቀን ሐውልት ሊቆምበት የታሰበ ባዶ ሜዳ ሆኖ ተገኘ።

ፕላኑን ማንሣት የአካለ ወልድ ዕዳ ሆነ። አካለ ወልድ ደግሞ በሕይወቱ ያነሣው ፕላን የለም፤ የሚያውቀው ብራና ማስመር ነው። ብራና ሲሰመር በግራና በቀኝ ጠርዙ በወስፌ ይወጋል፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ማስመሪያው ይጋደማል፣ መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ይላል። ያንኑ አደረገ። አንድ ሰፊ ፖስተር ገለበጠና በላይ በኩል አዳራሹን፣ በታች በኩል ሜዳውን ወጋ፤ በመካከላቸው እንደ መዝሙረ ዳዊት ገጽ ያለ መስመር አሰመረ። ቤቶቹን ሊስል ሲል ከፋለ እጁን ያዘው።

«ፕላን የሚያሳየው የሚመጣውን ነው እንጂ ያለውን አይደለም!»

ስለዚህ መስመሩ በንጹሕ ወረቀት ላይ ማንንም ሳይነካ አለፈ። አካለ ወልድ ኅዳጉን በሐረግ አስጌጠው። ሲያየው ልቡ ሞቀ፤ እንዲህ የጠራ መስመር ዳዊት ላይም አላሰመረም።

ጓድ ከፋለም ከነሐረጉ ባየው ጊዜ መንገዱ ያለቀ መሰለው። «ተጠናቋል» ብሎ ወደ ላይ ሪፖርት አደረገ። ከሳምንት በኋላ መልስ መጣ፦ ሞጣም ማጠናቀቋን አስታውቃለችና ሂዳችሁ ልምድ ተለዋወጡ።

ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው እህል በጫነ መኪና ላይ ከጆንያ በላይ ወጥተው ወደ ሞጣ ተነሡ። ጉንደ ወይን ሲደርሱ አቧራው ከሰውነት ተራ አውጥቷቸው ነበር። ሾፌሩ ለምሳ ቆመ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ምግብ ቤት ሲገቡ እንደ እነሱው አቧራ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከገበታ ቀርበዋል። አንደኛው የሞጣው ሊቀ መንበር ጓድ ፈረደ ነበር።

«ወዴት ነው ጓዶች?» አለ ፈረደ እየጎረሰ።

«ሞጣ። የእግር መንገዳችሁን አይተን ልምድ ልንቀስም። እናንተስ?»

ፈረደ የጠቀለለውን ጉርሻ ወደ ገበታው መለሰ። «ቢቸና። የእናንተን ልናይ።»

ሁለቱ ሊቃነ መናብርት ለረጅም ጊዜ ተያዩ።

«የኛ እንኳ፣» አለ ፈረደ በመጨረሻ፣ «በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም።»

«የኛም እንደዚያው፣» አለ ከፋለ፤ ደስታውን መደበቅ አቃተው።

«ስፋቱ ስንት ሆነላችሁ?»

«የናንተ ስንት ሆነ?»

«እኛማ ከናንተ አይተን ልንወስን ነበር።»

ወይዘሮ ባንቺዓለም ወጡን እየጨመሩ «ምን ያደክማችኋል ልጆቼ፣ የሌለውን ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?» አሉ። ሴትዮዋ የፖለቲካ ትምህርት አልወሰዱም፤ ሐሳባቸው ግን ተቀባይነት አገኘ። ከምሳ በኋላ እዚያው ገበታው ላይ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፦ «የሁለቱ ከተማ ልዑካን የእግር መንገዶቹን ከዳር እስከ ዳር ተመልክተው ተደንቀዋል።» አካለ ወልድ ዳዊት ሲጽፍ አንዲት ፊደል ከሳተ ቀኑን ሙሉ በካራ ሲፍቅ የሚውል ሰው ነበር። ያን ቀን የጻፈውን አልፋቀም። ብቻ ሲፈርም እጁ ትንሽ ከበደው፣ ስለዚህ ሐረግ ጨመረበት።

ሐረጉ ጉድ አመጣ። የበላይ አካል በቃለ ጉባኤው እጅግ ልቡ ተነክቶ ጓድ ገብረ ሕይወት የተባሉ ተቆጣጣሪ የቢቸናን መንገድ በሦስት ሳምንት ውስጥ መጥተው እንዲመርቁ ወሰነ። ዐባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል እንዲሉ፣ ፕላኑን ይዞ ሲዞር የከረመው ኮሚቴ አሁን መሬት ፈለገ።

የከተማው ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ተብሎ ተነገረ፤ ሆኖም ድንጋይ ሎሚ ስላልሆነ ለሃምሳውም ሸክም ሆነ። ገመድ ተወጠረ፣ ካስማ ተተከለ። የመጀመሪያው ካስማ የአዳራሹ የኋላ በር ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ቁልቋሉ ዘንድ፤ ሌሎቹም በየሃያ እርምጃው። ሰባተኛው ካስማ በወይዘሮ ሀብትነሽ ጓዳ፣ በጋኑና በጎታው መካከል ተተከለ።

«ልጄ፣» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ፣ «ይህ እንጨት ምንድን ነው?»

«ካስማ ነው እማ።»

«ከጓዳዬ ምን ይሠራል?»

«መንገድ ሊያልፍ ነው።»

«መንገድማ በደጄ አለ። በደጄ ያለፈው አልበቃ ብሎ በጓዳዬ?»

«ፕላኑ ነው እማ። ቀጥ ያለ ነው።»

«ማን አሰመረው?»

አካለ ወልድ መሬት መሬት አየ። «ኮሚቴው።»

«ኮሚቴው ወስፌ አለው እንዴ?» አሉ እናቱ። «ወረቀቱን አዳራሹ ላይ ተለጥፎ አይቼዋለሁ። ቀዳዳውን አውቀዋለሁ፤ አባትህ በግ ሸጦ የገዛልህ ወስፌ ነው።»

አካለ ወልድ ወደ ካስማው ዞረ። ያ ቤት ከፈረሰ እናቱ የሚጠጉበት የላቸውም፤ እሱም ራሱ የሚያድረው እዚያው መደብ ላይ ነው። ያን ያማረ መስመር ባሰመረች እጁ አፈረ፤ ቢችል ቆርጦ በጣላት። ሮጦ ጓድ ከፋለ ዘንድ ሄደ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መስመሩን ዐሥር ክንድ ያህል ብናጣምመው?»

«ምን አልክ?»

«ማለቴ… ብናዞረው።»

«አብዮት ይዞራል እንዴ?» አለ ከፋለ ደንግጦ። «ደግሞስ ቀጥ አድርገህ ያሰመርከው አንተ። አሁን ለእናትህ ስትል ልታጣምም ነው? ይህ ነገር በቃለ ጉባኤ ቢያዝ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?»

አካለ ወልድ ያውቃል፤ ቢያዝም የሚይዘው እሱው ነው። ወደ እናቱ ተመለሰ። እናቱ ፊቱን አይተው ገባቸውና «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር፤ ጸሐፊ ልጅም ከኮሚቴ አያስጥልም ለካ» አሉና ጋናቸውን ከካስማው ራቅ አደረጉ።

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን አንድ በር ሲዘጋበት ሌላ በር መፈለጉ አይቀርም። አካለ ወልድ ሦስት ቀን አሰበ። በአራተኛው ቀን «የእግር መንገድ መተዳደሪያ ደንብ» አርቅቆ ቀረበ። ስድስቱ አንቀጾች ስለ ድል ነበሩ። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፦ «መንገዱ ለሰፊው ሕዝብ ክብር የሚሠራ እንደመሆኑ፣ ክብሩ እንዳይጎድፍ፣ በበላይ አካል ተመርቆ መሄድ እስኪፈቀድበት ድረስ ማንኛውም እግር እንዳይነካው በጥብቅ ተከልክሏል።»

«ግሩም!» አለ ከፋለ። «'ማንኛውም' የምትለዋን በቀይ ጻፋት።»

ደንቡን የማስከበር ኃላፊነት ለአብዮት ጥበቃው ለውበቴ ተሰጠ። ውበቴ ጠመንጃና ሕግ ከያዘ የማያወላውል ሰው ነው። ያለ ፈቃድ ሰልፍ ውስጥ ገባች ብሎ የገዛ ላሙን አንድ ቀን ያሰረ እሱ ነው። አንቀጽ ሰባትን በቃሉ አጥንቶ ከአዳራሹ ኋላ ቆመ። መንገዱ ያን ጊዜ ከላይ ተነሥቶ ከወይዘሮ ሀብትነሽ ቤት የኋላ ግድግዳ ሊደርስ ሦስት እርምጃ ቀርቶት ነበር። በማግስቱ ሠራተኞች ድንጋይ ተሸክመው መጡ።

«ወዴት?» አለ ውበቴ።

«ድንጋይ ልንደረድር።»

«በምን?»

«በእጃችን ነዋ!»

«እጃችሁ ይለፍ። እግራችሁ ይቆያል።»

ሠራተኞቹ ሕግ አክባሪዎች ነበሩና ድንጋዩን በደስታ አራግፈው ሾላው ሥር ጋደም አሉ። ጓድ ከፋለ ጩኸት ሰምቶ እየሮጠ ወጣ።

«ውበቴ! እኔ ነኝ፣ ልለፍ!»

«እርስዎ እርስዎ ነዎት ጓድ ሊቀ መንበር፤ እግርዎ ግን ማንኛውም ነው።»

«ደንቡን ያጸደቅሁት እኔ አይደለሁም እንዴ?»

«በሙሉ ድምፅ!» አለ ውበቴ ሰላምታ እየሰጠ።

ማናለሽ እንስራዋን እንዳዘለች ቆማ ትሰማ ነበር። «በአህያው መንገድ ዞረው ከወዲያኛው ጫፍ ለምን አይጀምሩም?» አለች።

«አዲሱን መንገድ በአሮጌው መንገድ ሄደን ልንሠራ?» አለ ከፋለ። «ታሪክ ምን ይለናል?»

ታሪክን ፈርተው ሥራው ቆመ። አካለ ወልድ ራሱን እየነቀነቀ አብሮ አዘነ፤ ውስጡ ግን እልል ይል ነበር። የቀረው የግድግዳው ነገር ነው። መንገዱ ከአዳራሹ ቀጥ ብሎ ወርዶ፣ ወርዶ፣ በእናቱ ቤት ይላተማል። ጓድ ከፋለ ለዚህም መላ አላጣም፤ ግድግዳው በኖራ ተለቀለቀና አካለ ወልድ አንድ ክንድ በሚሆን ቀይ ፊደል «ወደፊት!» ብሎ ጻፈበት። ከላይ ሆኖ ለሚያየው መንገዱ እውነትም ወደፊት የሚሄድ ይመስላል።

የምርቃቱ ቀን ደረሰ። ጓድ ገብረ ሕይወት በላንድ ሮቨር መጡ፤ ወፈር ያሉ፣ ለዕለቱ አዲስ ጫማ ያጠለቁ ሰው ናቸው። መድረኩና የሚቆረጠው ሪባን ታች ሜዳው ላይ ነበር። ጓድ ከፋለ እየመራ በኋላ በር አወጣቸው። ተቆጣጣሪው እግራቸውን ሊያነሡ ሲሉ ውበቴ ጠመንጃውን አጋደመ።

«አልተመረቀም!»

«እኔ እኮ ነኝ የምመርቀው፣» አሉ ጓድ ገብረ ሕይወት።

«ታዲያ መርቀው ይምጡና ይለፉ።»

«ለመመረቅ ሪባኑ ዘንድ መድረስ አለብኝ።»

«ሲደርሱማ ይመርቁታል። ከዚያ ይሄዱበታል። እስከዚያው አንቀጽ ሰባት!»

ጓድ ከፋለ ሞጣ ትዝ አለችው። ግለ ሂሱ ዓይኑ ላይ መጣበት። ይሄኔ ማናለሽ ከሕዝቡ መካከል «በዚህ በኩል ይምጡ ጌታዬ፣ ውሃ የምንወርድበት አለ» አለችና መለሰቻቸው። ሌላ መውጫ አልነበረም። ታላቁ እንግዳ፣ ሊቀ መንበሩና ኮሚቴው በአህያው መንገድ ወረዱ።

ጓድ ገብረ ሕይወት ከፊት ከፊት ሄዱ። ቁልቁለቱ ሲመጣ መንገዱ ዞር አለላቸው። ፀሐዩ ሲከር ሾላው ጥላውን ጣለላቸው። ልክ አዲሱ ጫማ ተረከዛቸውን መንከስ ሲጀምር የወይዘሮ ሀብትነሽ ደጅ ደረሰ። እዚያ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉና ጫማቸውን አወለቁ። ወይዘሮ ሀብትነሽም እንግዳ ናቸውና ሳይጠይቁ በቅል ውሃ አመጡላቸው፤ ጠጡ፣ የተረፈውን ተረከዛቸው ላይ አፈሰሱ።

«እፎይ!» አሉ ተቆጣጣሪው። «ስንት ከተማ ዞሬአለሁ፤ እንዲህ የተጠና መንገድ ግን አላየሁም። ይህን ድንጋይ እዚህ ያደረገው ማን ነው?»

«ኮሚቴው፣» አለ ከፋለ ወዲያው።

«ኩርባውን ከጥላው ጋር ያገጣጠመውስ?»

«ከነባራዊ ሁኔታ አንጻር አጥንተነው ነው ጓድ።»

«ስንት ባለሙያ ፈጀባችሁ?»

«አንዲት ናት፣» አለች ማናለሽ።

«ሴት? ድንቅ ነው! የት አለች? ልጨብጣት።»

«ጤፍ ተጭና ገበያ ሄዳለች።»

«ምርታማም ናት ማለት ነው!» አሉና በማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። ከዚያ ቀና ሲሉ በቤቱ ጎን በኩል ያ ቀጥ ያለ የድንጋይ ድርድር ታያቸው። «ያኛውስ ምንድን ነው? ግድግዳው ጋ የሚላተመው?»

ጓድ ከፋለ የሦስት ሳምንት ድካሙን አንድ ጊዜ አየና ካደው። «የድንጋይ ማከማቻችን ነው።»

ታች ሜዳው ላይ ሪባኑ ተቆረጠና ከፋለ ሰንደቁን ተረከበ። ንግግሩ ረጅም ነበር። ያ መንገድ በጠላት ሤራና በተፈጥሮ መሰናክል ላይ የተገኘ ድል መሆኑን ሲያብራራ ራሱም አመነው። አካለ ወልድ ግን ከንግግሩ አንዲት ቃል አልሰማም። የአህያው መንገድ ተሸልሟል፤ ቀጥ ያለው ማከማቻ ሆኗል፤ ካስማው ከጓዳ ሊነቀል ነው። እናቱን ሕዝብ መካከል አቅፎ ጉልበታቸውን ሳመ። ደስታው የሚይዘው የሚጨብጠው አሳጣው።

«ምን ሆነሃል አንተ?» አሉት እየሳቁ።

«ቤትሽ ተረፈ እማ! በአንቀጽ ሰባት ተረፈ!»

ሲነጋ አካለ ወልድ ካስማውን ነቅሎ፣ ቀዳዳውን በጭቃ ደፍኖ፣ እያንጎራጎረ ወደ ሥራው ሊሄድ የእናቱን በር ከፈተ። ከደፉ ላይ ገመድ ተወጥሯል። ውበቴ ጠመንጃውን ይዞ ጠፍጣፋው ድንጋይ አጠገብ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ ውበቴ?»

«አርአያ የሚሆን መንገድ ነው። ሞጣዎች ለልምድ ልውውጥ ሊመጡ ነው፤ የሌሎች ከተሞችም ይከተላሉ። ክብሩ እንዳይጎድፍ ሊቀ መንበሩ ደንቡን ወደዚህ አዛውረውታል። አንቀጽ ሰባት።»

«ትናንት ተመርቋል እኮ! ሰንደቅ ተሸልሟል!»

«መሸለም ሌላ፣ መፍቀድ ሌላ። የሚለውን ታውቃለህ፣ 'መሄድ እስኪፈቀድበት ድረስ።' ራስህ ነህ የጻፍከው፤ ደግሞ እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው ባክህ! ያው እግርህን መልስ።»

አካለ ወልድ እግሩን መለሰ። ወይዘሮ ሀብትነሽ ከኋላው ቆመው ገመዱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። እንስራቸውን አንሥተው ወደ ጓዳ ገቡና ያ ቀይ «ወደፊት!» የተጻፈበትን ግድግዳ በመጥረቢያ እጀታ ይደልቁት ጀመር። እስከ ቀትር አንድ ሰው የሚያሾልክ በር ወጣለት። የቃሉ መጨረሻ ፈርሶ «ወደ» የሚለው ብቻ ከበሩ ጎን ቀረ።

የከተማው ሰው እንግዲህ ወደ ምንጭም፣ ወደ ገበያም፣ ወደ ወፍጮም፣ ወደ ደብሩም መሄዱን አልተወም። የአህያው መንገድ ተከብሯል። የቀረው በማከማቻው ድንጋይ ላይ ሽቅብ ወጥቶ በአዳራሹ የኋላ በር ገብቶ በፊተኛው መውጣት ነው። እንዲያ አደረገ። ውሃ የያዘው በዚያ ገባ፣ ዱቄት የተሸከመው በዚያ ወጣ፤ ነጠላ ያጣፉት እየተሳለሙ አለፉ። ባለሙያዋ አህያም ከነጭነቷ ሁለት ጊዜ ታየች። ጓድ ከፋለ መጀመሪያ ሊቆጣ ነበር፤ ቆየት ብሎ ሲያስበው ግን ስብሰባው በኖረበት ዘመን ሁሉ ምልዓተ ጉባኤ ሞልቶ አያውቅም ነበር። ወደ ላይ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «የሰፊው ሕዝብ የስብሰባ ተሳትፎ ከነባራዊ ሁኔታ አንጻር በየሰዓቱ እየጎረፈ ነው።» ለዚህም ሁለተኛ ሰንደቅ ተላከለት።

ሰንደቁ በተሰቀለበት ዕለት አካለ ወልድ በአዳራሹ መካከል መቃ ብዕሩን ይዞ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ «የእግር መንገዱ ታሪካዊ ውጤት» የሚለውን ርእስ በቀይ እያስጌጠ ነበር። ጓድ ከፋለ ንግግር ላይ ነው። በኋላ በር ወይዘሮ ሀብትነሽ ሙሉ እንስራ አዝለው፣ ጎንበስ ብለው እየተነፈሱ ገቡ። ልጃቸው ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

«እግርህን ሰብሰብ አድርግ ልጄ፣» አሉት፣ «መንገድ ላይ ተቀምጠሃል።»